የማክሰኞና የሐሙስ ደወል

(የከተማ ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የነባሩ ብሎክ ደጃፍ። በዚህ በኩል የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ አሁን ተደውሏል። ደወል መቺው የደወሉን መምቻ ብረት ይዞ ከኳስ ሜዳው ማዶ ወዳለው አዲሱ ብሎክ ሊሻገር ሲል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ እጁ ጠመኔ እንደነካ ከክፍል ወጥቶ መንገድ ዘግቶበታል።)

ምክትሉ፦ አይሆንም እያልኩዎት ነው፣ አባባ። አንድ ትምህርት ቤት ያለው አንድ ሰዓት ነው።

ደወል መቺው፦ እሱ ድሮ ሦስት ክፍል ብቻ እያለን ነው፣ መምህር። አሁን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ስንቅ መቋጠር ያስፈልጋል።

ምክትሉ፦ አያጋኑ።

ደወል መቺው፦ ምን አጋነንኩ? ባለፈው አንድ ልጅ ከማዶ ጠመኔ እንዲያመጣ ተልኮ፣ ሲመለስ ጺም አብቅሎ መምህሩ አላወቀውም።

ምክትሉ፦ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። እዚህ ደውለው እዚያ እስኪደውሉ ስንት ደቂቃ ነው?

ደወል መቺው፦ እኔ በደቂቃ አልሄድም፤ በእግሬ ነው።

ምክትሉ፦ (ወረቀት እየዘረጋ) እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ። በሌላው ክፍለ ጊዜ ስድስት ደቂቃ ይዘገያሉ። ይሁን፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን አስራ አንድ፣ አስራ ሦስት፣ እንዲያውም አንድ ቀን አስራ ሰባት። ይህ ምንድን ነው?

ደወል መቺው፦ (ጆሮውን እያከከ) ይህማ... ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

ምክትሉ፦ እሱን እኮ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ነው የምልዎት። ጉልበትዎን ያምዎታል?

ደወል መቺው፦ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚያም ጉልበት የት ተገኝቶ። ቢገኝ በኔው በለወጥኩት።

ምክትሉ፦ እንግዲያው ማዶ ደወሉ የተሰቀለበት ዛፍ ስር ቁጭ ይላሉ ማለት ነው።

ደወል መቺው፦ አልዋሽም፤ እቀመጣለሁ።

ምክትሉ፦ ይኸው። የማዶው ብሎክ ዘጠኝ መቶ ተማሪ ደወል እየጠበቀ እርስዎ ጥላ ስር ንፋስ ይቀበላሉ። በሉ፣ እዚህች ላይ ይፈርሙ።

ደወል መቺው፦ ምንድን ናት?

ምክትሉ፦ መረካከቢያ። ሰኞ የኤሌክትሪክ ደወል ይገጠማል። እርስዎ ብረቱን ያስረክቡና አትክልት ወደ ማጠጣት ይዛወራሉ።

ደወል መቺው፦ (ብረቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ) ሃያ ሁለት ዓመት የመታሁበትን ብረት? አትክልት እኮ ቢያጠጡትም ቢያስጠሙትም ዝም ነው፣ መምህር። እኔ ስመታ ግን ስንት ሺህ ሰው ብድግ ይላል።

ምክትሉ፦ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ደወል መቺው፦ ያ ኤሌክትሪክ ዓይን አለው?

ምክትሉ፦ ዓይን ምን ያደርግለታል፣ ሊያነብ ነው? ቁልፉ ሲነካ በሁለቱም ብሎክ በአንድ ትንፋሽ ይጮሃል። ከደወል በኋላ የገባ መምህር እንደ እስከ ዛሬው ስሙ በቀይ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ደወል መቺው፦ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

ምክትሉ፦ ምኑ ያሳዝናል? እኔን አያዩም? ሦስተኛውን እዚህ አስተምሬ አራተኛውን እዚያ አስተምራለሁ፤ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። እጄን በሩ ላይ ሳሳርፍ፣ ቋ፣ ደወሉ ይመታል። ሁልጊዜ። ሰው ከፈለገ ይችላል።

ደወል መቺው፦ አራተኛውን እዚያ የሚያስተምሩት መቼ መቼ ነበር?

ምክትሉ፦ ማክሰኞና... (ወረቀቱን እያየ) አጋጣሚ ነው።

ደወል መቺው፦ ይሁንልዎ።

ምክትሉ፦ አባባ፣ ይንገሩኝ።

ደወል መቺው፦ እርስዎ ደወል ሰምተው «አንድ ነጥብ ብቻ» ካሉ አስር ነጥብ ይጨምራሉ። ሲወጡ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይመክራሉ። የዓመቱ የመጀመሪያው ማክሰኞ ማዶ ደርሼ ብረቱን አንስቼ ልመታ ስል አየሁዎት፤ ሜዳው መሀል አንዱ ጫማዎ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግርዎ እየዘለሉ ይፈልጉታል። ብመታው ስምዎ በቀይ ሊጻፍ ነው፤ ያውም በገዛ ደንብዎ። እጄ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁዎት። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ።

ምክትሉ፦ (ዙሪያውን አይቶ) ይህን ማን ያውቃል?

ደወል መቺው፦ ማንም።

ምክትሉ፦ ተመስገን።

ደወል መቺው፦ ከዘጠኝ መቶው ተማሪ በቀር። በመስኮት ያዩዎታል። «ምክትል የጎሉ ብረት ጋ ደርሷል» ሲባል ደብተር ያወጣሉ፤ «ደረጃው ጋ ደርሷል» ሲባል ጸጥ ይላሉ።

ምክትሉ፦ እኔ እኮ ጸጥ የሚሉት አክብረውኝ ይመስለኝ ነበር።

ደወል መቺው፦ ማክበሩንማ ያከብሩዎታል። የቤት ሥራውን ያልሠራ ሁሉ ከጓደኛው ገልብጦ እስኪጨርስ በእግሩ እያዘገመ የሚታገስ መምህር ሌላ የት አላቸው?

(ምክትሉ መረካከቢያውን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።)

ምክትሉ፦ መብራት ደግሞ... አንዳንዴ ይጠፋል።

ደወል መቺው፦ በተለይ ማክሰኞና ሐሙስ።

ምክትሉ፦ እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ለጊዜው እዚህ ነባሩ ብሎክ ላይ ብቻ ይሞከር። የማዶውን እርስዎ በልምድዎ ይቀጥሉ። ጥናቱ ገና አላለቀም።

ደወል መቺው፦ ጥናት እኮ መቼም አያልቅም።

ምክትሉ፦ (ድንገት ሰዓቱን አይቶ) ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ። ማዶ ተደወለ እንዴ?

ደወል መቺው፦ ብረቷ እዚህ፣ እርስዎ እዚህ፤ በምን አንጀቴ እደውላለሁ?