ባሕር የጠጣው ባሕር ኃይል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አገራችን ደሴት ሆና አደረች። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ብዬ እንጂ፣ አመሻሼስ ለእንቅልፍ የሚመች አልነበረም። ከባለቤቴ ከማንጠግቦሽ ጋር ተጣልተናል። ምንጩ ዳር የተከልካቸውን ባሕር ዛፎች ካልቆረጥክ ውሃው ይደርቃል አለችኝ። መንደሩ በሙሉ የሚቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው። እኔ ደግሞ ዛፎቼን እወዳቸዋለሁ፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሳይ ደስ ይለኛል። እሷ እንዳትቆርጣቸው መጥረቢያውን ደብቄ ተኛሁ።

ዓይኔን ከመክደኔ ደጃችን ባሕር ሆነ። በአራቱም ማዕዘን ውሃ ነው። ዓሦች ሜዳው ላይ መረብ ዘርግተው ሰው ያጠምዳሉ። እኔንም ያዙኝና ሸንጎ ፊት አቀረቡኝ። ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ አምባዛ ነበር፤ ረጅም ሪዙን በክንፉ እያሻሸ አየኝ።

«ከባሕር ጋር ምን ያገናኝሃል?»

«ምንም። ባሕር ዛፍ ነው የተከልኩት።»

«ባሕር አለበት?»

«ስሙ ላይ አለ።»

«ሹሙት!» አለ።

እዚያው የባሕር ኃይል አዛዥ ሆንኩ። ምክትሎቼ የባሕር ማሽላ፣ ባሕር ሎሚና የባሕር ቁልቋል ነበሩ። ሁሉም ስማቸው ላይ ባሕር አለ፤ ዋና የሚችል ግን አንድም የለም። እኔም ስለማልችል ደስ አለኝ።

አምባዛው የመቶ ዓመቱን የባሕር ደኅንነት ስልት አስረዳን። ጠላት ባሕራችንን ሊሰርቅ አስቧል። ባሕሩ ከተሰረቀ ደሴትነታችን ያበቃል፤ ደሴት ካልሆንን ደግሞ ማን እንደሆንን አይታወቅም።

«መርከብስ አለን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«መርከብ ባሕር ላይ ከወጣ ይሰምጣል። ለደኅንነታቸው ተራራ ላይ አሰማርተናቸዋል።»

ቀና ብዬ ሳይ እውነትም መርከቦቹ ተራራው ላይ ሣር ይግጣሉ። ታዲያ ባሕሩን ማን ይጠብቀው? ግራ ገባኝ። ግራ መጋባቴ እንዳይታወቅብኝ «ባሕር ዛፍ ይጠብቀው!» አልኩ። ሸንጎው በጭራው አጨበጨበ።

ዛፎቼ ከምንጩ ዳር ተነቅለው በሰልፍ መጡ። ደሴቷን ዙሪያዋን ከበቡ፤ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ባሕራችንን አናስነካም!» ብለው ፎከሩ። በኩራት ደረቴ አበጠ። ዞር ብዬ ሳይ ባሕሩ ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ብሏል። እንደገና ሳይ ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ወርዷል።

«ባሕሩ ወዴት ሄደ?» ብዬ የፊተኛውን ዛፍ ጠየቅኩት።

«ጠላት እንዳይወስደው ሆዳችን ውስጥ አስቀምጠነዋል፣ ጌታዬ።»

«ጠጣችሁት?»

«ጠበቅነው» አለና አገሳ። «ደግሞስ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰሙም?»

በዚህ መሃል የጠላት መርከቦች ብቅ አሉ። ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ፊት ሆና የምትመራው ማንጠግቦሽ ነበረች፤ ግን አላወቀችኝም።

«የባሕሩ አዛዥ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ልንዋጋ አልመጣንም። አንድ አንድ ጀሪካን ብቻ ይሙሉልን፤ ልጆቻችን ጠምቷቸዋል።»

ልጆቹ የእኔም ናቸው ልላት ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «የውሃው መጠን ወታደራዊ ምስጢር ነው» የሚል ሆነ።

ወዲያው ጀሪካኖቹ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀሩ። አንድም የጠላት መርከብ ሊደርስብን አልቻለም። አምባዛው ደረቁ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ «ስልታችን ሠራ! ድል አደረግን! ብቻ ትንፋሽ አጠረኝ» አለ።

ያኔ ፈራሁ። «ዛፎቹን ቁረጡ!» ብዬ ጮህኩ። የሚሰማኝ ባጣ ራሴ መጥረቢያ አነሳሁ። እጀታው ባሕር ዛፍ ነበር። ሌላ ጊዜ ደን የሚያስጨርስ እጀታ ያን ዕለት ለዘመዶቹ አደላ።

«ወንድሞቼን አልነካም!» ብሎ ከእጄ አመለጠና ሮጠ።

ጭቃውን እያቦካሁ ተከተልኩት። ማንጠግቦሽ ከኋላዬ ጀሪካኗን ትደበድባለች፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ነቃሁ። ነግቷል። ማንጠግቦሽ እውነትም ራስጌዬ ቆማ ባዶ ጀሪካን ትደበድባለች።

«ተነስ እንጂ አንተ ሰው! ምንጩ ነጥፏል። ጭቃ ብቻ ነው ያለው።»

በመስኮት አየሁ። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱና የመንደሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ደጃችን ላይ ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ዛፎቼ ለምልመው፣ ጠግበው ቆመዋል።

«ውሃው የት ገባ?» አለችኝ ማንጠግቦሽ።

«ጠላት እንዳይወስደው...» ብዬ ጀመርኩና አፈርኩ። ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። «መጥረቢያውን አምጪልኝ!»

«ማታ የደበቅኸው አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነው። የት እንደደበቅኩት ግን ጨርሶ አላስታውስም።