ገና ያልፈረሰችው ቤት

በፈረሰ ቤት አቅጣጫ የሚያሳይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልድያ ላይ ገጥሞኛል።

ከመርሳ የመጣሁት የሥራ ማመልከቻ ላስገባ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ገበያው ዳር፣ የእንጨት ሰገነት ያላትን አሮጌ ቤት ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁና እያፈርኩ መንገዱን ጠየቅኋቸው።

«ከሲኒማ ቤቱ ወደ ቀኝ ታጠፊ፣ ልጄ። ከዚያ የቆዳ ነጋዴውን ፎቅ እለፊ።»

ሄጄ ሲኒማ ቤት ብፈልግ የለም። ተመለስኩ።

«አባባ፣ ሲኒማ ቤቱን አጣሁት።»

«ከፈረሰ ቆየ እኮ!»

«ፎቁስ?»

«እሱማ ቀድሞ ነው የፈረሰው።»

«ታዲያ ይቺ የተደገፏት ቤት ምልክት አትሆንም?»

ዞር ብለው እንደ እንግዳ አዩዋት። «ይቺ? ይቺማ ገና አልፈረሰችም!»

አዝነውልኝ ራሳቸው ወሰዱኝ። በየባዶው ቦታ ቆም እያሉ በሩን፣ መስኮቱን፣ የቲኬት ሰልፉን በከዘራቸው ሲያሳዩኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ ለእኔም ይታየኝ ጀመር። ማመልከቻዬን በሩ ሊዘጋ ሲል አስገባሁ።

ስንመለስ የአሮጌዋ ቤት ግድግዳ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ቀይ የ«ይፍረስ» ምልክት ጠበቀን። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ሰገነቷ አነሱ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከእንግዲህ ሰው መንገድ ከጠየቀሽ ከባለሰገነቷ ቤት ጀምረሽ አሳዪው።»