ዋና ሥራ አስኪያጁን ወንበር ስለ ማስጣል

የሰው ልጅ ከማኅፀን እስከ መቃብር አፋፍ ድረስ ሳያቋርጥ የሚያድግ ክቡር ፍጡር ነው። መሥሪያ ቤታችን ይህን ታላቅ እውነት የተረዳው ዋና ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ይውጡ በተባሉ ማግስት ነው። ከዚያ በፊት ስለ ማንም ዕድገት አስቦ አያውቅም፤ የእኔንም ጨምሮ። እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ማሞገስ ስለሆነ አሞግሳለሁ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ የስንብት ንግግራቸውን በግርማ ሞገስ ጀምረው "ኃላፊነቱን ለተተኪው ትውልድ..." እንዳሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። የወንበራቸውን ክንድ ጭምድድ አድርገው ይዘው አልነሣም አሉ። ብንለምን፣ ብናባብል፣ ወይ ፍንክች። የቦርዱ ሰብሳቢ በሁኔታው ልባቸው ተነክቶ የሥነ ልቦና አማካሪ አስጠሩ።

አማካሪው መነጽሩን ጠራረገና ለቦርዱ ገለጻ አደረገ። "ሰው በየዕድሜው የሚማረው ነገር አለ። ሕፃን ሰውን ማመን ይማራል። ጎረምሳ ማንነቱን ይፈልጋል። ጎልማሳ ለሌላ መትረፍን፣ ሽማግሌ ደግሞ ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል ማለትን ይማራል።"

"የኛ ሰው የቱ ላይ ደርሰዋል?" አሉ ሰብሳቢው።

አማካሪው ወንበሩን እንዳቀፉ የተቀመጡትን ዋና ሥራ አስኪያጅ አየት አደረጋቸው።

"የመጀመሪያው ላይ ናቸው።"

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ያፍር ነበር። የኛ ቦርድ ግን አንጀቱ ተንሰፈሰፈ። ገና ናቸውና እንዴት ይሰናበታሉ ተባለ። ወዲያው "ከአመራር መቀመጫ ደረጃ በደረጃ የማላቀቅ ስትራቴጂያዊ መርሐ ግብር" በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኛ ተራዎቹ ወንበር ማስጣል እንለዋለን።

መርሐ ግብሩ ጸጥ ያለና ወለሉ ለስላሳ የሆነ ክፍል ያስፈልገው ነበር። በሕንፃው ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት የሠራተኞች ልጆች ማቆያ። በዚያ ሰሞን እዚያ የሚውለው የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ልጅ ማሙሽ ብቻ ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላውም። እናቱ ትታው ስትወጣ ለቅሶው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ቤት ውስጥ የሚይዝላት ሰው የላትም፤ ማቆያው ካልሆነላት ያላት ምርጫ ሥራዋን መተው ነው። መርሐ ግብሩ በጸደቀበት ስብሰባ ላይ ቀርባ፣ "እስኪለምድ ድረስ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ አብሬው ልቀመጥ" ብላ ለመነች።

"እህቴ፣" አሉ ሰብሳቢው፣ "ሕፃን ምን ያውቃል? አልቅሶ አልቅሶ ይተወዋል። መሥሪያ ቤት ደግሞ የስሜት ቦታ አይደለም።"

ይህን ሲሉ ወንበር የማስጣያውን በጀት የፈረሙበት ቀለም እንኳ አልደረቀም ነበር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ከነወንበራቸው ወደ ማቆያው ወረዱ። አማካሪው ሥራውን በሙከራ ጀመረ። የማሙሽን ኳስ መጋረጃ ጀርባ ደበቀበት። ማሙሽ ድኾ ሄደና መጋረጃውን ገልጦ ኳሱን አመጣ። የማይታይ ነገር ሁሉ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ገብቶታል። ቀጥሎ ወንበሩ እዚያው መጋረጃ ጀርባ ተደበቀ። ዋና ሥራ አስኪያጁ "ተዘረፍኩ" ብለው ጥበቃ ጠሩ። የወንበሩ እግሮች ከመጋረጃው ሥር ይታያሉ እኮ።

ሌላ ቀን ወንበሩ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተመለሰላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አኩርፈውታል። አማካሪው "ከወንበሩ ጋር ያላቸው ቁርኝት ስጋት ያለበት ነው" ሲል ቦርዱ ተሰባስቦ መጥቶ አጽናናቸው።

በዚህ ሁሉ መሐል ማሙሽን ያጽናናው የለም። እናቱ በምሳ ሰዓት እየበረረች መጥታ ታቅፈዋለች፣ ከዚያ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። እኔ በዚያ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው፤ ያንገበግበኝ ነበር። ልጁ ግን ቀስ በቀስ ለመደ። ስትሄድ እጁን ያወዛውዛል፣ ስትመለስ ይፍለቀለቃል። እንዲያውም አንድ ቀን ዋና ሥራ አስኪያጁ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ድኾ ሄደና ያኘከውን ብስኩት ዘረጋላቸው። ተቀብለው በሉት።

የግምገማው ቀን ቦርዱ ከነካሜራው መጣ። አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንደኛው ሰውን ማመን ጀምሯል፤ መለየት ችሏል፤ ያለውን ያካፍላል። ሁለተኛው ገና ናቸው።"

ጸሐፊዋ ፊቷ ፈካ። "እንግዲያው ማሙሽ እዚሁ ይቀጥላል ማለት ነው?"

"የለም፣ እህቴ፣" አሉ ሰብሳቢው በአባትነት መንፈስ። "ልጅሽ እኮ ጨረሰ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ክፍሉ ከእንግዲህ ላልጨረሱት ነው።"

"ገና ጥርስ እያወጣ ነው እኮ ጌታዬ። የት ላድርገው?"

"ባለሙያ የተናገረውን እኛ አንሽርም። ግን አልረሳንሽም። እዚህ ክፍል አንድ ሰዓት ልቀመጥ ብለሽ አልነበር? ቦርዱ ሙሉ ቀን ፈቅዶልሻል።"

"ከልጄ ጋር?"

"ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ነው እንጂ። አንቺ ወላጅ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ።"

ቦርዱ አጨበጨበ። እኔም፣ እጄ ይቆረጥና፣ አጨበጨብኩ። ጸሐፊዋ ማሙሽን አቅፋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በዋናው በር ወጣች፤ አልተመለሰችም። ማሙሽ በትከሻዋ ላይ ሆኖ ለቦርዱ እጁን አወዛወዘ።

በማግስቱ የሥራ ማስታወቂያውን እኔ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የሥራ መደቡ፦ ጸሐፊ። ተፈላጊ ችሎታ፦ ልጅ የማሳደግ ልምድ ያላት፣ ልጅ የሌላት።