እንጨቱ የበላው ሙጫ

ጊታር የሚሸጥ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንጨቱ ከየትኛው አገር ጫካ እንደተቆረጠ፣ ስንት ዓመት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እንደደረቀ፣ ፊቱ ምን ያህል ሳስቶ እንደተላገ ሲዘረዝርላችሁ፣ ዕቃ የሚሸጥላችሁ ሳይሆን ልጁን የሚድርላችሁ ነው የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አይዋሽም። የጥሩ ጊታር ፊት ሲያነሱት ቀላል፣ ሲያንኳኩት ደግሞ ቶሎ ዝም የማይል መሆን አለበት። ጀርባውና ጎኑ ጠንከር ካለ እንጨት ይሠራል። ክሮቹ ቀን ከሌት ፊቱን ሊነቅሉት ስለሚጎትቱም ከውስጥ ቀጫጭን ደጋፊዎች ይለጠፉለታል። ታዲያ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አጣብቆ የሚያኖረው ማን ነው? ሙጫ ነዋ! ስለ ሙጫ ግን ነጋዴው ትንፍሽ አይልም፤ የሚጠይቀው ገዢም የለም።

እኔ ስለ ሙጫ የማውቀውን ያወቅሁት ቆቦ ነው። ባላውቀው በወደድኩ።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምህረት ነው፤ የአማርኛ መምህር ሆኜ ቆቦ የገባሁት። በአንድ እጄ ዲፕሎማ፣ በሌላው ጊታር ይዤ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳኮራኝ አሁን አልነግራችሁም። ዝናቡ እንቢ ካለ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከተራራው ወርዶ የራያን ማሳ የሚያጠጣው ጎርፍ ቀርቷል፤ ማሽላው ቁመት ሳያወጣ ደርቋል። ገበሬው ከነቤተሰቡ ወርዶ ከመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ ምን እንደሚጠብቅ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ያ ፀሐይ ጊታሬንም አልማረም። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ፣ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት ከፊቱ ላይ ተነቅሎ አልጋዬ ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ክፉኛ ደነገጥኩ። የወላጆች በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከአውራጃ እንግዶች ስለሚመጡ ርእሰ መምህሩ «ደስ ደስ የሚል ዝግጅት» አዟል፤ ዘፈኑን በጊታር የማጅበው ደግሞ እኔ ነኝ። አያችሁ፣ ወላጆቹን መንገድ ዳር አስቀምጠን ለወላጆች በዓል ዘፈን እናጠና ነበር።

«ወደ አያ እንድሪስ ውሰደው» አሉኝ ባልደረቦቼ።

አያ እንድሪስ ክራር ሠሪ ነው። በጣሊያን ጊዜ ደሴ ከአንድ አናጢ ጋር ሠርቶ የእንጨትን ነገር ተምሯል። ባለቤቱ ዘሀራ ትባላለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ሠርግ ስለሌለ በዚያ ዓመት ክራር ያዘዘው ሰው አልነበረም። ጊታሬን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኛውና በጣቱ አንኳኳው። ከዚያ እጁን በቀዳዳው አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ።

«ገበቴው ደኅና ነው፤ የተነቀለው ብርኩማው ነው» አለ፣ የክራሩን ስም ለጊታሩ እየሰጠ። «የጎድን አጥንቱም አንድ ቦታ ላይ ለቋል።»

«የጎድን አጥንት አለው እንዴ?»

«ያላጥንት ማን ይቆማል፣ መምህር?»

የሱቅ ሙጫ በቆቦ ሙቀት እንደሚላቀቅ፣ የሚይዘው የቆዳ ሙጫ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያልለፋ ቆዳ ጸጉሩ ይፋቃል፣ ውኃ ውስጥ አድሮ ይርሳል፣ ከዚያ በዝግታ እሳት ላይ ይቆያል። ከፈላ ጉልበቱን ይጥላል። «ደረቅ እንጨት ደግሞ ሙጫ ይበላል» አለኝ። «የመጀመሪያውን ቅብ ውጥ ያደርገዋል። ሲጠግብ ነው የሚይዘው። አንተ ብቻ ቆዳውን አምጣ። ድሮ ከክራር የተረፈ የቆዳ ቅዳጅ ሞልቶኝ ነበር፤ አሁን አንዲት የለኝ።»

ቅዳጁ የት እንደገባ አልጠየቅሁም።

ያከራየችኝ ሴትዮ ወለሉ ላይ ያነጠፈችልኝ የበሬ ቁርበት ነበር። ከዳሩ የክንድ ያህል ቆርጬ ወሰድኩለት። በአራተኛው ቀን ብሄድ ጊታሩ እንዳለ ተቀምጧል፤ ሙጫ የሚሠራባት ድስት ጥርግ ብላ ታጥባ ተደፍታለች። ልጆቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረው እጅ እጄን ያያሉ። «እንጨቱ በላው» አለኝ አያ እንድሪስ፣ ወደ ልጆቹ ሳያይ። «ሌላ ቁራጭ ብታመጣ።»

እናንተ ከወዲሁ ገብቷችኋል። እኔ ግን ዲፕሎማ ነበረኝ።

ሁለተኛ ቆርጬ ወሰድኩ። ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ብርኩማው ዛሬም አልተለጠፈም። አሁን ሰውየው እያሞኘኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። «ሙጫውስ?» አልኩት ቆጣ ብዬ።

አያ እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በሉት» አለኝ።

እኔ ሳቅሁ። በእውነት ሳቅሁ። ቋንቋ አስተማሪ አይደለሁ? «አያ እንድሪስ፣ እንጨት እኮ አንድ ነው፤ <በላው> ነው የሚባለው። <በሉት> ካሉማ ለጊታሬም አንቱታ ጀመሩለት ማለት ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ለመናገር የያዘውን ነገር ሲመልሰው አሁን ድረስ ይታየኛል። ከዚያ እሱም ከኔ ጋር ለመሳቅ ሞከረ። «እሺ መምህር» አለ፤ «በላው።»

ሰው እውነቱን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ሰዋስው አርሜ ዘጋሁት። ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ እንደዚህኛው ያለ ግን የለኝም።

ሦስተኛውን ቁራጭ ስሰጠው «ከእንግዲህ የለኝም» ብዬ ዋሸሁት፤ ግማሹ ቁርበት አልጋዬ ሥር ተነጥፎ ነበር። «አብሽር» አለኝ፤ «ይቺን አላስበላትም።»

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ጊታሩን ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። በዱላ ይራመዳል። ፊቱ ላይ ሥጋ የሚባል አልቀረም። ብርኩማው ግን ፋብሪካ እንደሠራው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ክሩን ስመታው ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ሞላ ያለ ሆኖ ወጣ። በደስታ ሰከርኩ። «ሻይ ልጋብዝዎት» አልኩት። «የለም፣ አደራህን ላድርስ ብዬ ነው» አለኝ። ሁለተኛ አላልኩትም፤ ተማሪዎች ለጥናት እየጠበቁኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ጆሮ ግንዴ ድረስ ያቃጥለኛል።

በዓሉ አማረ። እንግዶቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አጨበጨቡ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ጊታሬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከግቢው ስወጣ ዘሀራን በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«መምህር፣ እንድሪስን ትናንት ቀበርነው» አለችኝ።

ጊታሩን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«ሊሞት ሲል አደራ ብሎኛል። ያንተ ሐቅ አለብን። ቁርበትህን ሁለት ጊዜ በላንብህ፤ እኔም፣ ልጆቹም። እሱስ የሰው አደራ ነው ብሎ ወላሂ አልቀመሰም፤ ልጆቹን መከልከል ግን አቃተው። ሦስተኛዋን ልጆቹ እንዳያዩዋት ጎረቤት ቤት ነው ያበሰላት። አፉ በለን።»

ለማያውቅ ልንገር፦ በዚያ አገር ሙስሊሞች ዘንድ የሰው ሐቅ ይዞ መሞት ከባድ ነገር ነው። ባለሐቁ «አፉ ብያለሁ»፣ ማለትም ይቅር ብያለሁ፣ እስኪል ድረስ ሟች ዕዳው አይነሣለትም። ስለዚህ ይህች ሴት ባሏን በቀበረች ማግሥት፣ በእግሯ መቆም እያቃታት፣ ስለ ቁርበት ቁራጭ ይቅርታ ልትለምነኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታለች። እንግዶቹ እየተሳሳቁ በአጠገባችን አልፈው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

«አፉ ብያለሁ» አልኳት።

ፊቷ ቅልል ሲለው አየሁ። «አላህ አንተንም አፉ ይበልህ» ብላኝ ዞር አለች። ምርቃት ነው፤ ለማንም ይባላል። ምርቃቱ የኔ መሆኑ የገባኝ ቤቴ ገብቼ፣ የተረፈው ቁርበት ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርበቱን ጠቅልዬ፣ ያገኘሁትን ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ድስቷ የለችም። ልጆቿን ይዛ በመንገዱ ወደ ሮቢት አቅጣጫ መሄዷን ጎረቤት ነገረኝ። ሮቢት ሄድኩ፤ ጎብዬም ወረድኩ። በመንገዱ ዳርና ዳር ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዲት ዘሀራን መለየት አልቻልኩም፤ ዳቦውም ሩቅ አልሄደም።

በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅር ባዩ እኔ ብቻ ነኝ።