አንደኛ የሌለበት ካርድ

ታላቅ ሥራ ሁሉ ከታላቅ ራዕይ ይወለዳል ይባላል። ከትንሽ ንዴትም ይወለዳል፤ ይህን ግን በመክፈቻ ንግግር ላይ የሚያነሣው የለም። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለክብሩ ስንል ቁጥሩን በማንጠራው አንድ ወረዳ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምዘና ቡድን መሪ የሆኑት አቶ ዳኜ የተማሪዎችን ደረጃ ከምድረ ገጽ ለማጥፋት የቆረጡት ባለፈው ሰኔ ሠላሳ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት ልጃቸው አክሱማዊት ከአራተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥታ፣ ካርዷን እያውለበለበች ወደ ቤት ገባች። አንደኛ የወጣው ሳዳም ነበር።

ሳዳም የጀማሉዲን ልጅ ነው። ጀማሉዲን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ለመጣው ሁሉ ፈገግ የሚል ሰው ነው። አቶ ዳኜ ይህን ፈገግታ በበጎ ተርጉመውት አያውቁም። እሳቸው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ አንደኛ የወጡ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ቤተሰባቸው ብቻ ሳይሆን የዕድሩ ዳኛ፣ የላፍቶ ታክሲ ረዳቶችና አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን የነቀለላቸው ሐኪም ሳይቀሩ ያውቃሉ። ሐኪሙማ የሰማው አፋቸውን አስከፍቶ ሳለ ነው፤ እንዴት እንደተናገሩ እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

ታዲያ የልጃቸውን ካርድ ፊትና ኋላውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ እንደ አባት ሊመክሯት ፈለጉ።

«ልጄ፣ ሁለተኛ ማለት ከተሸናፊዎች አንደኛ ማለት ነው።»

አክሱማዊት ካርዷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዩኒፎርሟን ልትቀይር ገባች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለሊሴ ግን ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ይቺ ልጅ ይህን ቃል እስክታረጅ አትረሳውም አሏቸው። አቶ ዳኜም የሚረሱ ሰው አይደሉም። እሳቸው ያልረሱት ግን ልጅቷን ሳይሆን ሳዳምን ነበር።

እግዜር ሲረዳ ክረምቱን ከላይ አንድ ሰነድ ወረደ። የተማሪዎች ካርድ ከእንግዲህ ቁጥርና ደረጃ ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ብቃት የሚገልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። የሚወርዱ ሰነዶችን የሚያነብ ሰው በሌለበት ዘመን አቶ ዳኜ አነበቡት። «ብቻ ሳይሆን» የምትለዋን ግን ዘለሏት፤ ብዙ ሥራ ያለበት አመራር ሁሉንም ቃል ማንበብ አይችልም። በመስከረም የንቅናቄ መድረክ ተዘጋጀ፣ ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውኃ በየጠረጴዛው ተደረደረ። አቶ ዳኜም መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አድርገው፣ ታሪካዊውን ንግግር አሰሙ።

«ልጅ ከልጅ ጋር አይወዳደርም። ልጅ የሚወዳደረው ከትናንቱ ራሱ ጋር ነው።»

ጭብጨባው ጋብ ሲል የአምስተኛ ክፍሏ መምህርት ትሩፋት እጇን አወጣች። ልጁ በትናንቱ ራሱ ቢሸነፍስ ስትል ጠየቀች። ጥያቄው እጅግ ጠቃሚ መሆኑ ከተገለጸ በኋላ ለቀጣዩ መድረክ ተላለፈ።

ካርዱ ተሠርቶ ሲመጣ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ያለ ውጤት፣ ያለ አማካይ፣ ያለ ደረጃ። በምትኩ መቶ አሥራ ሁለት ብቃቶች ተዘርዝረዋል፤ በእያንዳንዱ ፊት ከሦስቱ አንዱ ይጻፋል፦ በቅቷል፣ በመብቃት ላይ፣ ገና ነው። «አይችልም» የሚለው ቃል በወረዳው ክልል ውስጥ ታገደ። ማካፈልን ከነቀሪው የመቀበል ብቃት አለ። በሰልፍ ላይ የፊተኛውን ተማሪ ማጅራት ያለመንካት ብቃት አለ። የቧንቧ ውኃን በኃላፊነት የመዝጋት ብቃትም አለ፤ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ያውም በሌሊት ስለሚመጣ፣ ምዘናው ሌሊት ተጠባብቆ እንዲካሄድ ለጥበቃው ውክልና ተሰጣቸው። የተሸናፊን ስሜት የመረዳት ብቃት ሰባ ሦስተኛው ላይ ሰፍሯል። የመጨረሻው፣ መቶ አሥራ ሁለተኛው፣ ተማሪው ወላጁን የመመዘን ብቃት ነው፤ ለዚህም ልጆች ስለ አባታቸው ወይም ስለ እናታቸው የሚሞሉት የራሱ ቅጽ ተዘጋጀ። አቶ ዳኜ ይህን የጨመሩት ባለድርሻ አካላትን ለማሳተፍ ነው ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ መቶ አሥራ አንድ ሲሉት ጆሯቸው ላይ ስላላማረ ነው።

በመምህርት ትሩፋት ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች አሉ። የወላጅ ምዘናው፣ ጊዜ በማጠሩ፣ ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ቢሸጋገርም፣ የቀሩትን መቶ አሥራ አንድ በሃምሳ ስምንት ስታባዛ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት መጣላት። ለአንድ ወር ጻፈች። ባሏ ጨው አነሰው ሲላት «በመብቃት ላይ ነው» ብላ መመለስ ጀመረች። አንድ ቀን አቶ ዳኜ ለክትትልና ድጋፍ ሲመጡ፣ አንድ ልጅ አሁንም የራሱን ስም በትክክል እንደማይጽፍ ነገረቻቸውና ለወላጁ ምን ብላ እንደምትገልጽ ጠየቀቻቸው።

«ገና ነው ብለሽ ጻፊ።»

«አቶ ዳኜ፣ አምስተኛ ክፍል እኮ ነው።»

«ገና ነው ማለት ተስፋ አለው ማለት ነው» አሉ፤ ይህንንም በማስታወሻቸው ላይ እንደ ተሞክሮ መዘገቡት።

የካርድ ቀን ደረሰ። ወላጆች አሥራ አንድ ገጿን ተቀብለው፣ አገላብጠው፣ የመጨረሻው ገጽ ታች ላይ ደረጃውን ፈልገው ሲያጡ፣ አንድ በአንድ ወደ ትሩፋት ጠረጴዛ ተመለሱ። ቀድመው የደረሱት የከባድ መኪና ሾፌሩ አቶ ዲንሳ ናቸው።

«ልጄ ስንተኛ ወጣ?»

«ደረጃ ቀርቷል፣ አቶ ዲንሳ።»

«ይቅር እሺ፣ አልተቃወምኩም። ግን ስንተኛ ነው?»

ልጅ ከትናንቱ ራሱ ጋር እንደሚወዳደር አስረዳቻቸው። አቶ ዲንሳ በጥሞና አዳመጧት። ከዚያ ይህ ጥሩ ነገር መሆኑን መስክረው፣ ከትናንቱ ራሱ ጋር ሲወዳደር ስንተኛ እንደወጣ ጠየቁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ልበል፣ በመቶ አሥራ አንድ ነገር በመብቃት ላይ ነው ልበል ወይ ብለው አዘኑ። ካርዱንም ለአያቱ ኮፒ አስደርገው ሊልኩ ወደ ጀማሉዲን ቤት ተሻገሩ።

ጀማሉዲን ችግራቸውን ሲሰማ ፈገግ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰንጠረዥ ከፈተና ለ«በቅቷል» ሁለት፣ ለ«በመብቃት ላይ» አንድ፣ ለ«ገና ነው» ዜሮ ሰጠ። የአቶ ዲንሳ ልጅ መቶ አርባ አንድ ነጥብ አመጣ። ነገር ግን መቶ አርባ አንድ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሌሎቹ ስንት እንዳመጡ ካልታወቀ ደስ ይበላቸው ወይስ ይቆጡ አያውቁም። ስለዚህ ካርድ ይዞ ከበሩ የወጣውን ሁሉ አቶ ዲንሳ እየጠሩ ማስገባት ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ደረሰ። ያልመጡት በስልክ ተጠሩ፤ ከፉሪ በባጃጅ የመጡ እናት አሉ። ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ በጠራ ቁጥር ከአሥር ሰው በላይ መጥቶለት የማያውቅ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህን የኅብረተሰብ ተሳትፎ ሳናደንቅ ማለፍ ንፉግነት ነው። በሦስተኛው ቀን የአምስተኛ ክፍል ደረጃ ተጠናቆ በፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጠፈ።

ወሬው ጽሕፈት ቤት ሲደርስ አቶ ዳኜ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የበላይ አካል የወረዳዎችን አፈጻጸም ይገመግማል፤ ዋንጫም አለ። አቶ ዳኜ ለዋንጫው መደርደሪያ አሠርተው፣ በየቀኑ ጠዋት አቧራውን በመሐረባቸው ያራግፋሉ። በዚህ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ በምንም ነገር አንደኛ ወጥተው አያውቁም፤ ይህን ለሐኪሙም አልነገሩትም።

ደርሰው መስኮቱን አዩ። ሃምሳ ሰባት ስም። አንደኛ፦ ሳዳም።

«ይህ ሕገወጥ ደረጃ ነው፤ አሁኑኑ ይነሣ» አሉ።

«ይነሣል ጋሽ ዳኜ» አለ ጀማሉዲን። «አንድ ካርድ ብቻ ጎድሎኝ ነው፤ የአክሱማዊት። እሷ ሳትገባ ከተነሣ ሳዳም አንደኛ እንደሆነ ነው የሚነሣው።»

በአቶ ዳኜ ውስጥ መርህና አባትነት ታገሉ ማለት እንወድ ነበር፤ ግን አልታገሉም። ካርዱ ከመጀመሪያውም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። ጀማሉዲን አሥራ አንዱን ገጽ እያገላበጠ መታ፣ መታ፣ ደመረ። አክሱማዊት መቶ ዘጠና፣ ሳዳም መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። በአንድ ነጥብ። ልዩነቷ ሲፈለግ ሰባ ሦስተኛው ብቃት ላይ ተገኘች፤ የተሸናፊን ስሜት በመረዳት ሳዳም በመብቃት ላይ ነው፣ አክሱማዊት ግን በቅታለች። ይህን ብቃት የት እንዳዳበረችው አቶ ዳኜ አልጠየቁም። የልጃቸው ስም ከላይ ሆኖ በአዲስ ወረቀት ታትሞ እስኪለጠፍ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ስልካቸውን ለጀማሉዲን ሰጥተው፣ ጣታቸውን ቁጥር አንድ ላይ አድርገው ፎቶ ተነሡ። ጀማሉዲንም እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው፤ ከልቡ ነበር፣ ይህ ደግሞ አናደዳቸው።

ወረቀቱ በዚያ ቀን አልተነሣም፤ በማግሥቱም አልተነሣም። አቶ ዳኜ ወደ ሥራ ሲሄዱም ሲመለሱም በዚያ በኩል መዞር አመጡ። የሪፖርት ጊዜ ሲደርስ ግን፣ «በፎቶ ኮፒ ቤት ተለጥፎ የነበረ ሕገወጥ ደረጃ በተወሰደ ፈጣን እርምጃ ተነሥቷል» ብለው ጻፉ። ሪፖርት ያለ ፎቶ ሪፖርት አይደለም፤ ፎቶ ያልተነሣበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፣ ፎቶ ያለው ደግሞ ባይሠራም ግድ የለም። ወረቀቱ ሲነሣ የሚያሳይ ፎቶ የለም፣ አልተነሣማ። ያለው አንድ ብቻ ነው። አቶ ዳኜ አጥንተውት፣ እጃቸው ወደ ወረቀቱ መዘርጋቱን አረጋገጡና ሊገነጥሉ ነው ብሎ መረዳት እንደሚቻል ራሳቸውን አሳምነው አያያዙት። ወይዘሮ ለሊሴ ፎቶውን አይተው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ጠቀስ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ሞላ። የበላይ አካሉ ተወካይ ደረጃ የትውልድ ጠንቅ መሆኑን ለአርባ ደቂቃ አብራሩ። ሰውን ከሰው ማወዳደር እንደሚያቆስል ሲናገሩ አንዳንድ ሰዎች እንባ ቢጤ ታየባቸው። ቀጥለውም ደረጃን በማስቀረት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ወረዳዎችን ሊያሳውቁ ፖስታውን ከፈቱ። ሦስተኛው ተጠራ። አቶ ዳኜ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ሁለተኛው ሲጠራ እሳቸው ሆኑ።

ዋንጫው ለጎረቤት ወረዳ ሄደ። አቶ ዳኜ ሰርተፊኬት ተቀብለው፣ ከመድረክ ሲወርዱ ተወካዩን በጨዋ ደንብ በስንት ነጥብ እንደተበለጡ ጠየቁ። በአንድ ነጥብ ነው አሏቸው። በየት በኩል እንደጎደለች ሲጠይቁም ተወካዩ ፎቶውን አሳዩአቸው።

«አቶ ዳኜ፣ ሕገወጥ ደረጃ የሚገነጥል ሰው ይህን ያህል ጥርሱ አይታይም።»

ማታ ሰርተፊኬቱን በኮታቸው ሥር ደብቀው ገቡ። አክሱማዊት ጠረጴዛው ላይ አንገቷን ደፍታ የምትጽፈው ነበራት።

«አባዬ፣ ስንተኛ ወጣችሁ?»

«ልጄ፣ ወረዳ ከወረዳ ጋር አይወዳደርም። ወረዳ የሚወዳደረው ከትናንቱ…»

«ሁለተኛ ነው አይደል?»

አቶ ዳኜ ተቀመጡ። ያቺ የሰኔዋ ቃል ተመልሳ እንደምትመጣ አወቁና መርፌ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። አልመጣችም። ልጅቷ የምትሞላውን ቅጽ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና እራቷን ልትበላ ተነሣች። መቶ አሥራ ሁለተኛው ብቃት ነበር፤ መምህርት ትሩፋት ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጥታቸዋለች። ከታች፣ ተማሪው ራሱ እንዲያስብበት ክፍት በተተወችው መስመር ላይ፣ በልጅ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ሁለተኛ መውጣትን የመቀበል ብቃት፦ ገና ነው። ግን ተስፋ አለው።»

አቶ ዳኜ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ካርዷን እያውለበለበች የገባችበት ጠዋት፣ ከዚያም ካርዱ ሲታጠፍ ያሰማው ድምፅ ትዝ አላቸውና ከልባቸው አፈሩ። ይቅርታ ሊጠይቋት ቀና አሉ፤ አክሱማዊትም ከጓዳ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ወይዘሮ ለሊሴ ሳይቀሩ ሰሐኑን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ» አሉ አቶ ዳኜ፣ ቅጹን በሁለት እጃቸው ይዘው። «የሳዳም አባትስ ከልጁ ምን አገኘ?»