ሁሉም ይክተብ

አንዲት ቃል ዋሽቼ ከተገኘሁ ዕድሜዬ ይጠር! እንስሳት እንደኛ መጻፍና ማንበብ በሚችሉበት፣ እንደኛም ያነበቡት በማይገባቸው ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ጭራ ነቀል የሚባል በሽታ ገባ። የያዘውን እንስሳ ሦስት ቀን ያስለዋል፤ ከዚያ ጭራው እንደ በሰለ ሾላ ዱብ ይላል፤ በሰባተኛው ቀን ባለ ጭራው ራሱ ጭራውን ይከተላል። ዝሆን አንዴ ቢስል ሁለት ኮረብታ ተናደ፤ ሦስት ነው የሚሉም አሉ።

ሐኪሟ ጃርት መድኃኒት ቀመመች። እሾኋን እየነከረች ጤነኛውን ሁሉ ጠቅ ልታደርግ ተሰናዳች። በጫካው መካከል ባለው ዋርካ ግንድ ላይም «ሁሉም ይከተብ» የሚል ትእዛዝ ተቀረጸ። ዋርካው የጫካው ሁሉ መነጋገሪያ ነበር፤ ያሻው ያሻውን ይጭርበታል፣ የወደደለት ከሥሩ ኮቴውን ያትምለታል፣ በጣም የወደደው ደግሞ ተከታዩ ይሆናል።

ታዲያ ግንደ ቆርቁር ትል ስትፈልግ «ከ» ላይ አንዲት ጭረት ጨመረችና «ክ» አደረገቻት። ትእዛዙ «ሁሉም ይክተብ» ሆኖ አረፈ። አቤት! ጫካው በሙሉ ለመክተብ ተጋፋ።

አንድ ውርንጭላ ብቻ ያላት እትዬ ሸክሜ የምትባል አህያ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። «የጃርት እሾህ የነካው ጆሮው ይረዝማል» ብላ ከተበች።

«አንቺን መቼ ወጋችሽ ታዲያ?» አለች ጦጣ ጆሮዋን እያየች። ሰማንያ እንስሳ ግን ኮቴውን አተመላት።

ኤሊ ቀጠለች፦ «የአጎቴ ልጅ ከተወጋ ወዲህ መሮጥ አቃተው።» ዓሣ ከወንዙ ብቅ ብሎ፣ «እኔ ውኃ ብቻ እየጠጣሁ ይኸው አንድ ቀን አላሳለኝም» አለ። አያ ጅቦ ደግሞ ከሁሉ ያማረውን ከተበ፦ «ያልተወጋ ሥጋ ንጹሕ ሥጋ ነው! አጥንቼዋለሁ።» በየትኛው ጉድጓድ እንዳጠናው የጠየቀው የለም።

በሳምንቱ እትዬ ሸክሜ ሰባት መቶ ተከታይ አፈራች። የመጀመሪያው አያ ጅቦ ነበር፤ ወንዝ ስትወርድ ከኋላዋ፣ ግጦሽ ስትወጣ ከኋላዋ። «እንዲህ ያለ ታማኝ ተከታይ ማን አለው?» እያለች ትንጎራደዳለች።

አንድ ጠዋት ውርንጭላዋን ሳል ያዘው። ሮጣ ሄዳ ዋርካው ላይ «ልጄን እያሳለው ነው፣ ምን ይሻለዋል?» ብላ ከተበች። እስከ ቀትር ሦስት መቶ መልስ ዘነበላት። ፌጦ አጠጪው፤ በግራ ጎኑ አስተኚው፤ ስሙን ቀይሪለት። አያ ጅቦም «እመቤቴ፣ በሩን ክፍት ተይለት፣ አየር ይግባለት» አለ። ሁሉንም ስትሞክር ሦስቱ ቀን አለቀ፤ ጭራውም ዱብ አለ።

ያኔ ጃርት ዘንድ በረረች።

«እሜቴ ጃርት፣ በሞትኩልሽ፣ ልጄን ክተቢልኝ!»

«ክትባት ለጤነኛ ነው፣ እህቴ፤ አሁንማ ጊዜው አለፈ። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ስከትብ ነዋ! ትእዛዙን አንድ ቀን አላጓደልኩም!»

«አንቺስ ከትበሻል፤ እሱ መቼ ተከተበ?» አለች ጃርት።

በሰባተኛው ቀን ውርንጭላው ዓይኑን ከደነ። ሰባት መቶው ተከታይ ዋርካው ላይ «ነፍስ ይማር» እያለ ኮቴውን አተመ። በእግሩ ለቅሶ የደረሰ አያ ጅቦ ብቻ ነበር። «ለቀስተኛ ደጅ አይቆምም፤ ልግባ እንጂ» አለ ምራቁን እየዋጠ።

እትዬ ሸክሜ ፊቷን አዞረችና በአንድ ርግጫ አራት ጥርሱን አረገፈችለት። ከዚያ በሩ ላይ ተጋድማ፣ «ሰባት መቶ ተከታይ አፈራሁ፤ አንድ ተከታቢ ልጅ አጣሁ» አለች።

ከዚህ ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ግንደ ቆርቁሯ አልነበረችም። ፊደሉን የነካው የለም።