አምና ፈረንሳይ ሄድኩ አሉ

ሣር ለማየት ጓጉታችሁ ታውቃላችሁ? ሣር ደግሞ ምን ይታያል እንዳትሉኝ። እኔ የጓጓሁት ለፈረንሳይ ገጠር ሣር ነው።

ሙሴ ዠራር የሚባሉ ፈረንሳዊ አዛውንት አምና ወደ አልዱባ ገበያ ሲሄዱ መኪናቸው ጂንካ ላይ ተበላሸ፤ ሁለት ቀን እኔ ቤት አረፉ። አገራቸው ሲገቡ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በመንደራችን ሣር በሣር የሆነ የጎልፍ ሜዳ አለ፣ ና እይ፣ ትኬቱም ቀለቡም በእኔ ነው፤ ለቪዛው ግን ወደ ሥራህ እንደምትመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትህ አምጣ አሉኝ።

እኔ የስፖርት ባለሙያ ነኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ጡረተኛን ደግሞ "ወደ ሥራው ይመለሳል" ብሎ ማን ይጽፍለታል? የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ሣር ሜዳ ሳለ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብት እናባርር ነበር። ስንቱን ሸኘሁ! አንድም ቀን ግን ተሳፍሬ አላውቅም። ሳልሳፈር እንዳልሞት ነበር ጭንቀቴ።

ባለቤቴ የዓመት ፈቃድ ጠይቅና ዝም ብለህ ሂድ ብላኝ ነበር። ሰማኋት? አልሰማኋትም። ስንት ዘመን የቢሮ ደብዳቤ የጻፈ እጅ ልማዱን መች ይተዋል? ማመልከቻዬ ላይ "ልምድ ለመቅሰም" ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ እዚያች ላይ አለቀልኝ። የግል ጉዞዬ የልምድ ልውውጥ ሆነ፤ የልምድ ልውውጥ ደግሞ ኮሚቴ ይፈልጋል።

ኃላፊያችን በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ዋናው ነገር ሣር ከሆነ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ይግባ አለ። እኔም አፌን አልሰበስብ ብዬ፣ ሣሩ በበጋ ውሃ ይጠጣል አልኩ። የመስኖ ባለሙያ ተጨመረ። ፕላንና ፋይናንስ ሳይጠሩ ገቡ። ኃላፊያችን ራሱን ሲጨምር አምስት ሰው ሞላ፤ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ይኼኔ ነው።

አይኬ የሚባል የበና ሰው የቢሯችን ጥበቃ ነው። ነገሩን ሰምቶ፣ ፈረንሳዮቹ ስንት ከብት አላቸው አለኝ። አንድም። ፍየልስ? የለም፤ ሣሩን ያጭዱና ይጥሉታል አልኩት። "አትሂድ። እነዚያ ሰዎች ችግር ላይ ናቸው" አለኝ።

የአምስት ሰው ስም ማኅተም ተመትቶበት ለሙሴ ዠራር ተላከ። እሳቸው ያላቸው ትርፍ አልጋ አንድ ነው። ለጊዜው ይቅር ብለው መለሱ። ያን ቀን ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ዓመቱ ሲያልቅ ከፕላን ክፍል የልምድ ልውውጡ ሪፖርት የታለ ተባልኩ። አልሄድንም እኮ! እቅድ ውስጥ ገብቷል፣ ዜሮ ሊጻፍ ነው እንዴ አሉኝ። ምን ላድርግ? "ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰዉ በእርጋታ ይራመዳል" እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁና ፈረምኩ። ኃላፊያችን አነበበና፣ እንዳየ ሰው ነው የጻፉት ብሎ አመሰገነኝ።

ዘንድሮ ሙሴ ዠራር እንደገና ጻፉ፤ አንተ ብቻ ና አሉ። ለጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቷል፣ የመጨረሻ ዕድሌ ናት። "ለግል ጉዳይ" ብዬ አመለከትኩ፤ ልምድ የምትል ቃል አልነካሁም። ኃላፊያችን ፋይሌን አስመጣ። ሪፖርቱን አውጥቶ የገዛ ፊርማዬን አሳየኝ። ከዚያ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣

"ጋሼ፣ አምና ሄደው የለም እንዴ? ለሌላውም ይድረሰው እንጂ!"